«አልሠራሁትም፣ ገዛሁት እንጂ»

ባለፈው ሳምንት ጃንተከል ዋርካ አጠገብ ጀበና ቡና እየጠጣሁ አንድ ወጣት መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ጠበቃ መሆኔን ሰው ነግሮታል። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለኝ። ጠይቅ አልኩት። ሥራ ሲቀጠር የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጎድለው ነበር። ከአንድ ሰው ወረቀት ገዛ። ክብ ማህተም አለው፣ ቲተር አለው፣ ፊርማ አለው። አስገባው፣ ተቀጠረ፣ ደመወዝ መብላት ጀመረ። አሁን መሥሪያ ቤቱ የሠራተኛውን ማስረጃ በሙሉ ላጣራ ብሎ ተነሥቷል፣ ልጁም እንቅልፍ አጥቷል። «ግን እኮ እኔ አልሠራሁትም፣ ገዛሁት እንጂ። የሚከሰሰው የሠራው ሰውዬ አይደለም እንዴ?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ጎንደር ውስጥ በጥብቅና በሠራሁባቸው ዓመታት ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። በጣም የሚያሳዝነኝም ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ከልባቸው የሚያምኑት መሆኑ ነው። ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ሰው «ፎርጅድ» የሚለውን ሕጉ «ሐሰተኛ ሰነድ» ወይም «ወደ ሐሰተኛነት የተለወጠ ሰነድ» ይለዋል። ዋናው ሕግ በ1996 ዓ.ም ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ነው። የሰነድ ነገር ከአንቀጽ 375 ጀምሮ ይገኛል። የገንዘብ፣ የማህተምና የቴምብር ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ በተለየ ክፍል ተቀምጧል።

ሰነድ ሲባል ደግሞ ብዙ ሰው የመንግሥት ማህተም ያለበትን ብቻ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። አንድን ነገር ለማስረዳት የሚያገለግል ጽሑፍ ሁሉ ሰነድ ነው። ሁለት ሰዎች በደብተር ወረቀት ላይ የጻፉት የብድር ውል ሰነድ ነው። ደረሰኝ ሰነድ ነው። የሟች ኑዛዜ ሰነድ ነው። የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ ሊብሬ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ መሸኛ ደብዳቤ፣ የሕመም ፈቃድ ወረቀት፣ ሁሉም ሰነድ ነው።

ሐሰቱም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ወረቀቱ ራሱ ሐሰት ሲሆን ነው። የሌለ ውል መፍጠር፣ የሰው ፊርማ አስመስሎ መፈረም፣ በሌላ ሰው ስም አሻራ ማድረግ፣ እውነተኛ ወረቀት ላይ 20 ሺህ የሚለውን 200 ሺህ ማድረግ፣ ስም ፍቆ ስም መጻፍ እዚህ ውስጥ ይገባል። ይህን ማንም ይረዳዋል።

ሁለተኛው ግን ብዙ ሰው ያስታል። ወረቀቱ እውነተኛ ነው፣ ማህተሙ እውነተኛ ነው፣ የፈረመውም ሥልጣን ያለው ሰው ነው፤ በውስጡ የተጻፈው ነገር ግን ውሸት ነው። ታማ የማታውቅ ልጅ «ለአምስት ቀን ታማለች» የሚል ወረቀት ከሐኪም ብታጽፍ፣ ወረቀቱ የመጣው ከእውነተኛ ክሊኒክ ቢሆንም ሰነዱ ሐሰተኛ ነው። ቀበሌ ውስጥ የሚሠራ ዘመድ አለና ሄዶ «ቀኗን ወደ ኋላ መለስ አድርገህ ጻፍልኝ» ማለት በእኛ ዘንድ እንደ ውለታ ነው የሚቆጠረው። ሕጉ ፊት ውለታ አይደለም። የጻፈው ሐሰተኛ ሰነድ አዘጋጅቷል፣ ያጻፈው ደግሞ አነሳሽ ሆኖ ሊጠየቅ ይችላል። እኔ ያየኋቸው አንዳንድ የመንግሥት ሠራተኞች አንድ ሳንቲም ሳይቀበሉ፣ «የአጎቴ ልጅ ነው፣ እንዴት እንቢ እላለሁ» ብለው ብቻ በፈረሙት ወረቀት ከሥራም ከቤትም ተፈናቅለዋል። በዚህ ጉዳይ ይሉኝታ የስንቱን ቤት እንዳፈረሰ ሳስብ ያመኛል።

ታዲያ ሐሰት የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ ወንጀል ነው? አይደለም። ሐሳብ ያስፈልጋል። ሕጉ የሚለው የሌላውን ሰው መብት ወይም ጥቅም ለመጉዳት፣ ወይም ለራስ ወይም ለሌላ የማይገባ መብት ወይም ጥቅም ለማግኘት ታስቦ ሲደረግ ነው። «ወይም» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ማንንም ባልጎዳም የማይገባኝን ጥቅም ለማግኘት ካደረግሁት በቂ ነው። ለዚህ ነው «ማንን ጎዳሁ?» የሚለው መከራከሪያ ብዙ የማያስኬደው። የሥራ ልምድ ወረቀቱ ደግሞ የጎዳው ሰው አለ፤ እውነተኛ ልምድ ይዞ ተወዳድሮ ቦታውን ያጣው ሌላ ልጅ። ስሙን ስለማናውቀው የሌለ ይመስለናል እንጂ።

ጉዳቱ ወይም ጥቅሙ እስኪደርስም አይጠበቅም። በዚያ ሐሳብ ወረቀቱ ተሠርቶ መሳቢያ ውስጥ ቢገኝም የሠሪው ወንጀል ተፈጽሟል።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። አንቀጽ 378 ስለ መገልገል ነው የሚናገረው። ሐሰተኛ መሆኑን እያወቀ በሰነዱ የተገለገለ ሰው ሰነዱን ባይሠራውም ወንጀለኛ ነው። መገልገል ማለት ሰውን ለማሳሳት ማቅረብ ማለት ነው። ለመሥሪያ ቤት ማስገባት፣ ለባንክ ማሳየት፣ ፍርድ ቤት በማስረጃነት ማያያዝ፣ ኬላ ላይ ለፖሊስ መዘርጋት። ሠሪው ጠፍቶ ባይገኝም ተገልጋዩ ብቻውን ይከሰሳል። እንዲያውም በተግባር ሠሪው ብዙ ጊዜ አይገኝም፣ ስልኩን ይዘጋል፣ ከተማ ይቀይራል፣ በወረቀቱ ላይ ስሙ የለም። የተገልጋዩ ስም ግን ከላይ በትልቁ ተጽፏል። ፋይሉ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

በአንቀጹ ውስጥ ዋናዋ ቃል «እያወቀ» የምትለው ናት። ሐሰተኛ መሆኑን ሳያውቅ የተገለገለ ሰው ተታላይ እንጂ ወንጀለኛ አይደለም። ሊብሬው ፎርጅድ መሆኑን ሳያውቅ ባጃጅ የገዛ ሰው አለ። የቤት ካርታው የሌላ ሰው መሆኑን ሳያውቅ ያጠራቀመውን ሁሉ የከፈለ አለ። ዐቃቤ ሕግ ማወቁን ማስረዳት አለበት። ግን ማወቅ በምን ይረጋገጣል? ማንም «አውቅ ነበር» ብሎ አይናገርም፣ ስለዚህ ፍርድ ቤት ከዙሪያው ያያል። ተማሪ ቤቱን ደጃፉን ረግጠህ የማታውቅ ሆነህ ዲፕሎማውን ይዘህ ብትገኝ «አላወቅሁም» ማለት ምን ዋጋ አለው? ሠርተህ የማታውቅበት ድርጅት ሁለት ዓመት ሠርቷል ብሎ ሲጽፍልህ ከአንተ በላይ ማን ያውቃል? በገበያ ከሚጠራው ዋጋ በግማሽ፣ በሌሊት፣ ያለ ምስክር የተገዛ ነገርም ጥያቄ ያስነሣል።

ሁለት ነገር ግን እንዳይምታታባችሁ። «ወረቀቱ ሐሰተኛ መሆኑን አላውቅም ነበር» ማለት መከላከያ ሊሆን ይችላል። «በሐሰተኛ ወረቀት መገልገል ወንጀል መሆኑን አላውቅም ነበር» ማለት ግን መከላከያ አይሆንም። ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም።

ቅጣቱስ? መጀመሪያ ሁለት ቃል እንለይ። ቀላል እሥራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፣ ሕጉ ለይቶ በሚጠቅሳቸው ሁኔታዎች ደግሞ እስከ 5 ዓመት ሊደርስ ይችላል። ጽኑ እሥራት ከ1 ዓመት ይጀምርና እስከ 25 ዓመት ይሄዳል። ለሰነድ ወንጀል ሁሉ አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም። ሁለት ግለሰቦች መካከል ያለ ወረቀትን ያበላሸ ሰው ከቀላል እሥራት ሊጀምር ይችላል። ሰነዱ የመንግሥት ወይም የሕዝብ ሰነድ ሲሆን፣ ወይም ያዘጋጀው ሰነዱን እንዲጠብቅ አደራ የተሰጠው ሠራተኛ ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። ለምስክር ወረቀቶች ለብቻው የተጻፈ ድንጋጌ ስላለም ክርክሩ ብዙ ጊዜ «ይህ ወረቀት የትኛው ውስጥ ይገባል?» የሚለው ላይ ነው። ሰዎች ሲሰሙ ትንሽ ነገር ይመስላቸዋል፤ በወራትና በዓመታት መካከል ያለው ልዩነት ግን የሚመጣው ከዚያ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። በ2007 ዓ.ም የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 የመንግሥትና የሕዝባዊ ድርጅት ሰነዶችን ወደ ሐሰተኛነት መለወጥን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ ይዞታል። ስለዚህ የመንግሥት ሰነድ አስመስሎ የሠራ ሰው በሙስና ተከስሶ ሊቆም ይችላል። «እኔ ባለሥልጣን አይደለሁ፣ ሙስና ከእኔ ጋር ምን አገናኘው?» ብለው የደነገጡ ደንበኞች ነበሩኝ። ሙስና መባሉ የስም ነገር ብቻ አይደለም። የሙስና ክስ የራሱ ሥነ ሥርዓት አለው፣ ዋስትና ላይም ጠበቅ ይላል።

በዚያ ሐሰተኛ ሰነድ ደግሞ የሰው ገንዘብ ከተወሰደበት አታላይነት ይጨመራል። አታላይነት በአንቀጽ 692 ለብቻው ያስቀጣል፣ እንደ ከባድነቱ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እሥራትና መቀጮ ድረስ። በሐሰተኛ ደረሰኝ ግብር የደበቀ ነጋዴ ጋ ደግሞ የታክስ ሕጉ ይመጣል፣ እሱ በጣም ከባድ ነው። አንድ ሰው በአንድ ጉዳይ ሦስት አራት ክስ ይዞ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

ዳኛው የመጨረሻዋን ቁጥር ዝም ብሎ ከአየር ላይ አያመጣትም። የጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 አለ። ወንጀሉ በደረጃ ይመዘናል፣ ከዚያ እንደ መሰላል ባለው የቅጣት እርከን ላይ ማቅለያና ማክበጃው ወደ ታችና ወደ ላይ ያንቀሳቅሰዋል። የቀድሞ ጸባይ፣ ከልብ መጸጸት፣ ጥፋትን ማመን ያቀልላሉ። በእምነት የተሰጠን ሥልጣን መጠቀም ወይም በቡድን ማድረግ ያከብዳል። ሁኔታው ከፈቀደ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊገድብ፣ ማለትም ሳይታሠር በጸባዩ እንዲፈተን ሊለቀው ይችላል፣ የታሠረም ሰው ጸባዩ ካማረ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ በአመክሮ የሚወጣበት መንገድ አለ።

«ጊዜው ካለፈስ?» የሚለኝም ብዙ ነው። ይርጋ አለ፣ ክስ የማቅረቢያው ጊዜ የሚያበቃበት ማለት ነው። ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እሥራት የሆነ ወንጀል በ10 ዓመት ይታገዳል፣ ከ5 በላይ እስከ 10 ዓመት የሆነ በ15 ዓመት፣ ከ10 ዓመት በላይ የሆነ በ20 ዓመት። በአጭሩ የወንጀሉ ይርጋ ሰው እንደሚያስበው በሁለትና በሦስት ዓመት የሚያልቅ አይደለም። በዚህ መሃል አለቃ ይቀየራል፣ ፋይል ወደ ኮምፒውተር ይገባል፣ አንድ ቀን ማጣራት ይመጣል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

አሁን በጣም ወደሚያንገበግበኝ ወደ ቤትና መሬት ልግባ።

ጎንደር የጽሑፍ ከተማ ናት። በጎንደር ነገሥታት ዘመን የጉልት ስጦታና የመሬት ሽያጭ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ባለው የብራና መጽሐፍ ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። የሻጭ ስም፣ የገዢ ስም፣ ዋጋው በወርቅ፣ ከዚያ ረጅም የምስክሮች ዝርዝር። የሚለውጠውንም ሰው በግዝት ያስሩት ነበር። ለምን ቤተ ክርስቲያን? ወረቀቱ በሻጭም በገዢም እጅ ካለ ማንም ሊነካው ይችላል። ሁለቱም በማይነኩት ቦታ፣ ብዙ ሰው እያየ ከተጻፈ ግን ማጭበርበር ይከብዳል። ዛሬ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት የሚለው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 ሥራው ያው ነው።

አክስቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም። ቤት ነበራት፣ ከባሏ የቀረላት። አንድ የምታምነው ዘመድ «የውሃ ቆጣሪ ላስቀይርልሽ፣ እዚህ ላይ አሻራሽን አድርጊ» አላት። አደረገች። ከዓመት በኋላ ወረቀቱ የቤት ሽያጭ ውል ሆኖ ብቅ አለ፣ ሁለት ምስክር ፈርሞበታል፣ አንዱን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ያን ቀን ቤታችን ለቅሶ ቤት ነበር የሚመስለው። የሚያጽናና ነገር ያገኘነው ሕጉ ውስጥ ነው። በአንቀጽ 1728 መሠረት ዓይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በፈረመው ውል የሚገደደው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ከተረጋገጠ ነው። ጓዳ ውስጥ የተደረገ አሻራ አይበቃም። እናቶቻችን ይህን አንድ ነገር ቢያውቁ እንዴት ደስ ባለኝ። አሻራ ከመስጠታቸው በፊት «ቢሮ ሄደን፣ ሰው እያነበበልኝ» ማለት መብታቸው ነው፣ አለማመን አይደለም።

የአክስቴ ነገር ሌላም አስተምሮኛል። ፍርድ ቤት ቀርባችሁ ሌላው ወገን «ፈርመሃል» ብሎ ወረቀት ሲያወጣ ፊርማው የእናንተ ካልሆነ እዚያው በግልጽ ካዱ። «አላስታውስም»፣ «ሊሆን ይችላል» እያሉ ማድበስበስ ይጎዳል። ይግባኝ ላይ ልናገረው ብሎ ማቆየትም እንደዚያው። ስትክዱ ፍርድ ቤቱ ወደ ፎረንሲክ ምርመራ ሊልከው ይችላል። ባለሙያው የሚያየው የፊርማውን መልክ ብቻ አይደለም። የእስክሪብቶውን ግፊት ያያል፣ እጅ የት እንደቆመና የት እንደተንቀጠቀጠ ያያል፣ ከየት ጀምሮ ወደ የት እንደሄደ ያያል። አስመስሎ የሚፈርም ሰው ቀስ ስለሚል መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ዋናው ወረቀት ያስፈልጋል። ፎቶ ኮፒ ላይ ግፊት አይታይም። ከክርክሩ በፊት፣ በዚያው ዘመን አካባቢ የፈረማችሁባቸው ሌሎች እውነተኛ ወረቀቶችም ያስፈልጋሉ፣ የድሮ የባንክ ወረቀት፣ የእድር መዝገብ፣ የደመወዝ ፔሮል።

የብር ነገር አጭር ነው። መስከረም 2013 ዓ.ም ላይ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተቀይረው የ200 ብር ኖት ሲጨመር አንዱ ምክንያት ሐሰተኛ ብር ነበር። ቅዳሜ ገበያ ጤፍ ሸጣችሁ ፎርጅድ ብር እጃችሁ ቢገባ ወንጀለኛ አይደላችሁም። ሐሰተኛ መሆኑን ካወቃችሁ በኋላ ግን «እኔስ ለምን ልክሰር» ብላችሁ ለሚቀጥለው ሰው ካሳለፋችሁት ነገሩ ተለወጠ። ኪሳራው ያማል፣ ይገባኛል። የምትሰጡት ግን ለሌላ ደሃ ነው። ለባንክ ወይም ለፖሊስ አስረክቡ።

አሁን አሁን ደግሞ የመጣው የስክሪንሾት ነገር ነው። ፒያሳ ያሉ ባለሱቆች በዚህ ተማርረዋል። ደንበኛው ዕቃውን ያነሣል፣ «ልኬአለሁ» ብሎ የቴሌብር ወይም የባንክ መልእክት በስልኩ ያሳያል፣ ይሄዳል። ማታ ሲታይ የገባ ብር የለም። ምስሉ በስልክ የተሠራ ነው። ብዙ ልጆች ይህን እንደ ጨዋታ ያዩታል። በ2008 ዓ.ም የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 የኮምፒውተር ዳታን ወደ ሐሰት መለወጥን እስከ 3 ዓመት ቀላል እሥራትና እስከ 30 ሺህ ብር፣ ከባድ ሲሆን ደግሞ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት እንዲያስቀጣ አድርጓል። ለአንድ ጫማ ብሎ! ባለሱቆች ደግሞ የሰው ስልክ አይታችሁ አትመኑ፣ ገንዘቡ ወደ እናንተ ሒሳብ መግባቱን በራሳችሁ ስልክ እዩ።

ያ ልጅ በመጨረሻ «ወረቀቱን ከፋይሌ አስወጥቼ ብቀደውስ?» አለኝ። በፍጹም አልኩት። መዝገብ ቤት ያለችውን ልጅ አስቸግሮ ወረቀት ማስጠፋት ሌላ ወንጀል ነው፣ እሷንም ይዞ መውደቅ ነው። ሌላ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከዚያው ሰውዬ ልግዛ የሚለውንም አስተውኩት፤ ያ ማለት አንዱን ክስ ሁለት ማድረግ ነው። መብቱን ነገርኩት። ቢያዝ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ያለመናገር መብት አለው፣ በግድ እመን ሊባል አይችልም፣ ጠበቃ ማማከር ይችላል። ይህ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የተጻፈ ነው። ከዚያ ደግሞ ሌላውን መንገድ ነገርኩት። ማጣራቱ እሱ ጋ ከመድረሱ በፊት ከጠበቃ ጋር ሆኖ ራሱ ቢቀርብ ከክስ ነጻ ያወጣዋል ብዬ ቃል አልገባሁለትም፣ ሥራውንም ሊያጣ ይችላል። ግን ሳይያዝ የቀረበና ተይዞ ያለቀሰ ሰው ዳኛ ፊት አንድ አይደሉም።

ቡናው በረደ። ልጁ ሒሳቡን ልክፈል አለ፣ እንቢ አልኩት። ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ እንዲመጣ፣ እናቱንም ይዞ እንዲመጣ ነገርኩት፤ እስካሁን ለማንም አልተናገረም ነበርና።